ከትርኢት በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት

ቀን ሌላ ሥራ ይዛችሁ ማታ መድረክ ለምትሮጡ፦ ትርኢት እንዳለቀ ስልክ አትክፈቱ። እኔ ለዓመታት ሜካፔን በግማሽ ጠርጌ ታክሲ ሰልፍ ላይ መልእክት ስመልስ ኖሬያለሁ። ቤት ስገባ ሰውነቴ ዝሏል፣ ጭንቅላቴ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ቃለ ተውኔት ይደግማል።

አሁን ሜካፔን ቀስ ብዬ በቅባት አነሳለሁ፤ ልብሱንም ራሴ እሰቅላለሁ። ገጸ ባህሪው እዚያው ማንጠልጠያው ላይ ይቀራል። ከዚያ ከብሔራዊ ቴአትር ስወጣ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ጋ ቆም እልና በአፍንጫዬ እስከ አራት እየቆጠርኩ አየር አስገብቼ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አወጣለሁ፣ አምስት ጊዜ። (የታክሲ ጭስ ካለ ትንሽ ራቅ በሉ፤ ጭስ መሳብ ማረፍ አይደለም።) ከዚያ እስከ ለገሃር በእግር።

ሌላው ጉሮሮ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በጋ ደግሞ አየሩ ይደርቃል። ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ትንሽ በትንሹ ጠጡ። መጋረጃ ሊከፈት ሲል አንድ ጠርሙስ መገልበጥ መጸዳጃ ቤት ያመላልሳችኋል እንጂ ድምፅ አያረጥብም። ድምፃችሁ ከሻከረ ደግሞ በሹክሹክታ አታውሩ፣ እሱም ያደክማል፤ ዝም በሉ።

የቃለ ተውኔት ጥናት? ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። እናቴ እስካሁን አልለመደችውም፦ «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»