ለሰፈር ዐቃቤ ሕግ ስታዋጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ዳውንታውን ትንሽ ምግብ ቤት ያለው ወዳጄ ደወለልኝ። «ደግሞ ለዐቃቤ ሕግ ደመወዝ አዋጡ ተባልን! ግብር የምንከፍለው ለምን ኖሯል?» ሳቄ መጣ። እኔም ከሰባት ዓመት በፊት የከተማችን የዳውንታውን ነጋዴዎች ኮሚቴ ውስጥ ስገባ ይቺኑ ነበር ያልኩት። ከዚያ ወዲህ አዲስ የገባው ሁሉ ያንኑ ስህተት ሲደግም አያለሁ። አንዳንዱን ያስጀመርኩት እኔው ነኝ።

ለማያውቀው፦ ተራው ዐቃቤ ሕግ ፖሊስ መዝገብ እስኪያመጣለት ቢሮው ይጠብቃል። የሰፈር ዐቃቤ ሕግ ግን አንድ አካባቢ ተሰጥቶት እዚያው ይውላል። የመኪና መስታወት ለምን ሁልጊዜ እዚያችው ጥግ ላይ እንደሚሰበር ያጣራል። ከጀማሪዎቹ አንዷ የኦሪገኗ ፖርትላንድ ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. ሎይድ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጡ፤ የካውንቲው ዲስትሪክት አቶርኒ (ዋና ዐቃቤ ሕግ) ማይክል ሽረንክም አንድ ዐቃቤ ሕግ መደበላቸው።

«የከፈልነው እኛ ነን፤ የኛ ናት»

ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ከሱቁ ፊት ለፊት በጋሪ ሳንድዊች የሚሸጥ ሰው ነው። «ይሄን አንሱልኝ» አለ። ዐቃቤ ሕጓ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችና ጋሪው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችው። «ፈቃድ አለው እኮ።» ሰውዬው ቱግ አለ። «ታዲያ የምንከፍልሽ ለምንድን ነው?» ክፍሉ ጭጭ አለ። ማስታወሻዋን ዘግታ ወጣች። በማግስቱ አለቃዋ ለሊቀ መንበራችን ደውሎ፣ ይሄ ነገር ከተደገመ ውሉ እንደሚፈርስ ነገረው። እውነቱን ነው።

ወገኖቼ፣ የቀጠራችሁት ዘበኛ አይደለም። ሰው የመክሰስ ሥልጣን ያለው የመንግሥት ሰው ነው። ያ ሥልጣን ዛሬ የናንተን ኪስ ካየ፣ ነገ ከናንተ የወፈረ ኪስ ያለው መጥቶ እናንተኑ ያስነሳል። አገር ቤት ባለሥልጣን ዘመድ ካለው ሰው ጋር ድንበር የተጋፋ ይሄ አይጠፋውም። ፖርትላንድም ያኔ «ፍትሕ በገንዘብ ይገዛል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነስቶባት ነበር። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ አስጽፉ። ገንዘቡ ለካውንቲው ይገባል። ማን እንደሚከሰስ የሚወስነው የዲስትሪክት አቶርኒው ቢሮ ብቻ ነው። ኮሚቴው የአንድን ሰው መዝገብ አንስቶ አይነጋገርም። ያዋጣም ያላዋጣም ሱቅ እኩል ይስተናገዳል። ይቺ የመጨረሻዋ ስትነበብ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ያጉረምርም።

ክስ መቁጠር

ዓመቱ ሲያልቅ «ስንት ሰው አሳሰረች?» የሚል ይመጣል። የኔን ጓሮ ልንገራችሁ። ከኋላ በሬ ጥግ ሰዎች እያደሩ ጠዋት መርፌ እለቅም ነበር። አቤት አልኩ፤ «እሰሪያቸው» ማለቴ ነበር። እሷ ግን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛ መጣች። ከበሩ በላይ ያለውን አምፖል አበራችበት፤ ተቃጥሏል። ቆሻሻ መጣያውን አየች፤ ጥጉን ከመንገድ ይሸፍነዋል። ቀጥላ ያጣጠፍኩትን ካርቶን በእግሯ ነካ አድርጋ «ይሄን የምታወጣው ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። «ስዘጋ።» «የሚነሳውስ?» «ጠዋት።» ለካ በየማታው አልጋ አንጥፌ የምሄደው እኔ ነኝ! አምፖሉን ቀየርኩ፣ መጣያውን አዞርኩ፣ ካርቶኑን ጠዋት ማውጣት ጀመርኩ። ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ለነበሩት ሁለት ሰዎች ደግሞ የመጠለያ ሠራተኛ ይዛ ተመለሰች። ክስ፦ ዜሮ። ሪፖርቱን በክስ ብዛት የሚመዝን ሰው ቢያየው ያ ሳምንት ሥራ የተፈታበት ነው የሚመስለው።

ፖርትላንድም ሱሊቫንስ ገልች የሚባል ሸለቆ ነበራት፤ ሰዎች ድንኳን ጥለው የሚያድሩበት። እዚያም ሥራው የክስ ብቻ አልነበረም። ከፖሊስና ከአካባቢው ሰው ጋር ቦታውን ማጽዳት፣ ማደር ክልክል መሆኑን የሚናገር ምልክት መትከል ነበረበት። እናንተም መለኪያችሁን ከዚህ ውሰዱ። በአንድ አድራሻ ስንት ጊዜ ፖሊስ ተጠራ? ከስድስት ወር በኋላስ?

ምስክርነት መሸሽ

ይሄ የኔው ኃጢአት ነው። የሱቄ መስታወት ተሰበረ፤ ልጁን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዐቃቤ ሕጓ ሦስት ጊዜ ደወለች። «ሱቁን ማን ይይዝልኛል» ብዬ ስልኩን አላነሳሁም። እውነቱን ለመናገር የሱቁ ነገር ሰበብ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ያለ ምስክር ደግሞ መዝገብ አይቆምም፤ ተዘጋ። በቀጣዩ ስብሰባ «በዚህ ከተማ ሕግ የለም!» ብዬ ስጮህ፣ ዝም ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ከማዋጣታችሁ በፊት በከተማችሁ ማን ምን እንደሚከስ እወቁ። ሲያትል ውስጥ አዋቂን በቀላል ወንጀል የሚከሰው የከተማው አቶርኒ ነው፤ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ ወደ ኪንግ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ይጠማዘዛል። አዋቂን በፌሎኒም በአብዛኛው ቀላል ወንጀልም የሚከሰው በፕሬዚዳንቱ የሚሾመው የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ነው። የልጆች ጉዳይ ግን የከተማው አቶርኒ ጄኔራል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ይህን የሰፈር አሠራር በፖሊስ አምስተኛ ዲስትሪክት የሞከረው ኤሪክ ሆልደርም ያኔ የዲሲ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ነበር። እና ካውንስል አባላችሁ ላይ አትጩሁ፤ በሩ እሱ ጋ አይደለም።

ደመወዝ ብቻ ማሰብ

ክስ ሲጨምር ተከላካይ ጠበቃም መጨመር አለበት። ጊዲየን ከሚባለው የ1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ደሃ ያለ ጠበቃ አይዳኝም። ኦሪገን ውስጥ በቅርብ ዓመታት ተከላካይ ጠበቃ ጠፍቶ መዝገቦች ሲዘጉ ታይቷል። እኛም አንድ ጎማ ብቻ ነፍተን መኪናው ለምን አልሄደም ስንል ከርመናል። ለተከላካዮቹም ይታሰብ ስል «አንተ ከማን ጋር ነህ?» ተብያለሁ።

ለአንድ ዓመት ብቻ ማዋጣት

አታድርጉት። የመጀመሪያው ስድስት ወር የጓሮ በሮችን ለመተዋወቅ ያልቃል። ሦስት ዓመት ቃል ግቡ፤ ቢሮውም ሰዋችሁን በየወሩ እንዳይቀያይርባችሁ አስፈርሙ።

ደብዳቤውን መርሳት

እኛ ጋ ሱቃችሁ ሲዘጋ ግቢያችሁ የገባን ሰው ፖሊስ እንዲያስወጣላችሁ የፈረማችሁት ደብዳቤ ሊኖር ይገባል። እሱ ከሌለ ፖሊሱ ባለቤቱን ደውሎ ከእንቅልፍ መቀስቀስ አለበት። ደብዳቤው በየዓመቱ ይታደሳል። ይሄን ለመጻፍ ብዬ የኔን ካስቀመጥኩበት አወጣሁት። ጊዜው ካለፈ አራት ወሩ።