የፍላሽ ፋይሎች ወደ ሾርትከት ሲቀየሩ

ፍላሻችሁን ስትከፍቱ ፋይሎቹ በሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል በሚመራ አቋራጭ ምልክት) ተተክተው ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ደበቃቸው እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ቫይረሱን የሚያስነሳው ያ ክሊክ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጽዱ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ፍላሹን ብቻ ፎርማት ያደርግና (በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋና) መልሶ ሲሰካው ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረው ቫይረስ እንደገና ይይዘዋል። ፍላሹን ነቅላችሁ፣ የጀመራችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጋችሁ፣ ከዊንዶውስ ሴኩሪቲ (ከዊንዶውስ ጋር ከሚመጣው የጸረ-ቫይረስ ፕሮግራም) ኦፍላይን ስካን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚደረገውን ፍተሻ፣ አስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል።

ከዚያ ፍላሹን ሰኩ። በዊንዶውስ 10 ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው፣ ቀጥሎ ኦፕሽንስ፣ በሚከፈተው መስኮት ደግሞ ቪው የሚለውን ንኩ። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምረጡ፤ የሲስተም ፋይሎችን ከሚደብቀው ሳጥንም ምልክቱን አንሱ። ማስጠንቀቂያ ቢመጣ እሺ በሉት። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ደብዘዝ ያለ ፎልደር ብቅ ይላል፤ ፋይሎቻችሁ እዚያ ናቸው። ሰነድና ፎቶዎቻችሁን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ፤ ሾርትከትና የማታውቁትን ፋይል ተዉት።

ኮፒዎቹ በትክክል መከፈታቸውን ሳታዩ ፍላሹን ፎርማት አታድርጉ። ፎርማት ስታደርጉ ከሚቀርቡት የፎርማት ዓይነቶች ኤክስፋት (exFAT) ይሻላል፤ ፋት32 (FAT32) የተባለው 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። በመጨረሻ የሲስተም ፋይሎቹን መልሳችሁ ደብቁ፤ በስህተት ቢሰረዙ ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል።