በጨዋታ ገበታ ዙሪያ የሚቆም ተመልካች ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት

ከአዲስ አበባ መሀል ርቀው በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በቱሉ ዲምቱም ይሁን በኮዬ ፈጬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሱቆቹ በረንዳ ሥር ዳማ ወይም ካርታ ተዘርግቶ፣ አለፍ ሲሉም የፑል ኳስ ሲንኳኳ መስማት የተለመደ ነው። ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ፤ ዐሥር ሰዎች ዳር ቆመው ያያሉ። ጠብ በተነሣ ጊዜ ግን እኔ እንደታዘብኩት ነገሩን የሚጭረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን ከዐሥሩ አንዱ ነው። በመሆኑም ይህ መመሪያ የተጻፈው ለተጫዋቹ ሳይሆን ከኋላው ለሚቆመው ሰው ነው።

ከመጠጋትዎ በፊት ጨዋታው በነጻ ይሁን በገንዘብ ያጣሩ። ተጫዋቾቹን ራሳቸውን መጠየቅ ሐሳባቸውን ስለሚበትን፣ ቀድሞ የቆመውን ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «በምን ነው?» ቢሉት ይበቃል። «በሻይ» ከተባሉ ዘና ማለት ይችላሉ፤ «በብር» ከተባሉ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። በነጻ ዳማ ተመልካቹ ዝም ካለ ጨዋታው ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ፉከራውና ተረቡም የዳማ ወጉ ነው። ገንዘብ ከተያዘ በኋላ ግን የተመልካች ምክር ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ለሌላው እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ዳማ 8 በ8 በሆነ ሠሌዳ ላይ፣ እዚህ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ በእስክሪብቶ በተሰመረ ካርቶን ላይ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12 ቆርኪ ተደርድሮ፣ የአንዱ ቆርኪ በጀርባው የሌላው በፊቱ ሆኖ የሚካሄድ ነው። የተሰወረ ነገር ስለሌለው የተመልካች ዓይን ማንንም አይጎዳም፤ ጉዳቱ ያለው በአፍና በጣት ላይ ነው። አንዱ ተጫዋች የሚበላውን ቆርኪ ሳያይ ሊያልፍ ሲል «እህ!» ማለት፣ ጉሮሮ መጥረግ ወይም ትንፋሽ መሳብ እንኳ እንደ ጥቆማ ይወሰዳል። ለአዛውንቶች ግን ይህ ሕግ ሲላላ አይቻለሁ፤ አንድ አባባ መጥተው «ኧረ ብላው!» ቢሉ ዝም ይበሉ የሚላቸው አይገኝም። የሚሻለው ወንበር ከገበታው ፈንጠር አድርጎ ማቅረብና በወሬ እያጫወቱ ማስቀመጥ ነው።

ካርታ ከዚህ ሁሉ የከበደ ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም የጨዋታው ነገር ሁሉ ያለው በተሸፈነው እጅ ውስጥ ነው። ከኋላ ለመቆም የሚፈልጉ ከሆነ የካርታውን ባለቤት ያስፈቅዱ፤ «እዚህ ብቆም ይከብድሃል?» ማለት በቂ ነው። ከፈቀደልዎ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ከአንድ ሰው ኋላ ብቻ ይቁሙ። የአንዱን እጅ አይቶ ዞሮ የሌላውን የሚያይ ሰው ምንም ባይተነፍስ እንኳ ወሬ አቀባይ መባሉ አይቀርም። እጅዎን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አያሳርፉ፣ በትከሻውም ላይ አያጎንብሱ።

ፊትም ይናገራል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የጎረቤት ልጅ ኋላ ቆሜ ሳለሁ፣ ልጁ ከተደረደረው ካርታ አንድ ሲስብ ጆከር ወጣለት። እኔ ቃል አልወጣኝም፤ ቅንድቤ ግን ተነሣ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ካርታውን ሳይሆን እኔን ይመለከት ኖሮ ወዲያው አጨዋወቱን ቀየረ፣ ልጁም 200 ብሩን ተበላ። ከተነሣ በኋላ በትሕትና «ጋሼ፣ ፊትዎ ሁሉንም ነገራቸው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ሲጫወቱ የምቆመው ሁሉም ካርታውን ገበታ ላይ እስኪዘረግፍ ድረስ የማንም እጅ በማይታየኝ ቦታ ነው።

በፑል ቤት የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። አንድ ስቲክ ብዙውን ጊዜ 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ የሚመታውም ሰው ክርኑን ወደ ኋላ መሳብ አለበት። ስለዚህ ሰው ሊመታ ሲያጎነብስ ከጀርባው ዞር ይበሉ፤ ቦታው ጠባብ ከሆነ ግድግዳውን ተጠግተው መቆም እንጂ «አትነካኝም፣ ምታ» ማለት ሥርዓት አይደለም። ከኳሷ መሄጃ ትይዩ፣ ከቀዳዳው ኋላ ቆሞ መንቀሳቀስም የመቺውን ዓይን ይስባል።

ውርርድ ቤት ውስጥ የሰው ቲኬት የሰው ገመና ነው። «ስንት አስገባህ?» ብሎ መጠየቅም ሆነ አንገት አስግጎ ማንበብ ነውር ነው። በተለይ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ በሚጀምሩት ጨዋታዎች፣ ሰባት ጨዋታ በአንድ ቲኬት የቆረጠ ሰው ስድስቱ ገብተውለት በሰባተኛው ላይ እንደተንጠለጠለ ሊያገኙት ይችላሉ፤ አንዷ ከተበላች ሁሉም ተበላ። ቲኬቱን ያስበላችውን ጎል ያገባው የእርስዎ ቡድን ቢሆን ደስታዎን በልክ ያድርጉት፣ ቢያንስ በጆሮው ላይ አይጩኹ።

በሠፈራችን ካዚኖ የለም፤ ይሁንና ለሥራ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄድ ሰው ጎራ ቢል ይኸው ሥርዓት ጠበቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ብላክጃክ በተባለው የካርታ ጨዋታና ኳስ በመንኰራኩር ላይ በሚሽከረከርበት በሩሌት ገበታ ያለው ወንበር የተጫዋች ስለሆነ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ቆሞ ያያል። የሌላውን ቺፕስ (በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙትን ጠጠር) እና ካርታ መንካት፣ ብዙ ቦታም ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ከጣሪያ ላይ ካሜራ ይከታተላል። ሩሌት አጫዋቹ ውርርድ ማብቃቱን ከተናገረ በኋላ እጅ ወደ ገበታው አይዘረጋም። በፖከር ደግሞ አንድን እጅ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚል ደንብ ስላለ፣ ካርታ ለያዘው ሰው ተመልካችም ሆነ ሌላ ተጫዋች ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። የእኔ ቅንድብ እዚያ ቢሆን ከአዳራሹ ያስወጣኝ ነበር።

የገድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። «አንተ ከመጣህ ወዲህ ተበላሁ» የሚል ተጫዋች ካጋጠመዎ ቆርኪውም ሆነ ካርታው እርስዎን እንደማያውቅ ለማስረዳት አይድከሙ። ቅር ሳይሰኙ ወደ ሌላው ጎን ይዙሩ ወይም ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ተጫዋቹም ቢሆን ሰው ገደ ቢስ ብሎ ከሚያባርር «እስቲ ትንሽ ከፈት አድርጉልኝ» ቢል የተሻለ ነው። ክርክር ተነሥቶ «አንተ አይተሃል፣ ፍረድ» ከተባሉ ሁለቱም ወገኖች ካልጠየቁዎ በቀር አይመልሱ።

እንደ እኛ ባለ ሠፈር መብራት በድንገት ይጠፋል። በዚያች ደቂቃ ከገበታው ሁለት እርምጃ ይራቁ፣ እጅዎንም ገንዘብ ካለበት ያሽሹ። የስልክ ባትሪ የሚያበሩ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጣሪያ ያብሩ፤ ወደ ገበታው የሚያዞሩት ሁለቱም ተጫዋቾች «አብራ» ሲሉ ብቻ ነው።