የሕንፃ ተቋራጭ ፕሮጀክት ማናጀር ሆነህ ስትገባ

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብለህ ውሉን አንብበው። ሥዕሉን ሁሉም ያያል፣ ውሉን ግን ብዙ ሰው የሚፈልገው ችግር ሲመጣ ነው። ለምሳሌ በ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባወጣው መደበኛ የግንባታ ውል) ከተዋዋላችሁ፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ መጠየቅ የምትፈልግ ከሆነ ምክንያቱን ባወቅክ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ።

ስለዚህ ጻፍ። አማካሪው መሐንዲስ ሳይት ላይ ቆሞ "ይቺን ግድግዳ ወደዚያ አድርጓት" ካለህ እሺ በለው፣ ግን ሳይት ቡክ (የሳይት ትእዛዝ የሚጻፍበት መዝገብ) ላይ ጽፎ ሳይፈርም አንድ ብሎኬት እንዳታነሳ። እኔ በቃል ታምኜ የአንድ ፎቅ ግድግዳ አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ክፍያ ስንጠይቅ "ወረቀቱ የታለ?" ተባልን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስላብ (የወለል ኮንክሪት) በሚሞላበት ቀን በማለዳ ሳይት ላይ ተገኝ። ፎርማኑ ሁሉም ዝግጁ ነው ቢልህም ራስህ ወጥተህ እይ፦ ፌሮው ከሥሩ ስፔሰር (ከፎርሙ ከፍ አድርጎ የሚይዘው) አለው? የመብራት ቱቦው ተቀብሯል? ድጋፉ ጠብቋል? ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቅ ማሽን) ሁለት ይኑርህ፣ አንዱ መሀል ላይ ቢቆም ኮንክሪቱ አይጠብቅህም። ኮንክሪቱ ጠጠረብኝ ብሎ ውሃ የሚጨምር ካየህ ወዲያው አስቁመው፣ ጥንካሬውን የሚገድለው እሱ ነው። ጥንካሬው እንዲለካ በ7 እና በ28 ቀን የሚሰበሩትን ኩቦች (የኮንክሪት ናሙናዎች) ሲሞሉ አጠገባቸው ቁም። ከዚያ ስላቡ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ እሁድ ማን እንደሚያጠጣ አሁኑኑ ወስን።

የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ደግሞ ከአሠሪው (ሕንፃውን ከሚያሠራው) ክፍያ ጋር አታያይዘው። ቀኑ ሲደርስ ክፈል።