«ወገብህን አሳርፈው» የሚባለው ምክርና ሌሎች ስህተቶች

ወገቤን አመመኝ ሲባል «ተኛ፣ አሳርፈው» የማይል ሰው የለም። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ላለበት ሰው ግን ከዚህ የባሰ ምክር የለም። በሽታው ከባድ ነገር በማንሳት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚፈጠር ብግነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም አከርካሪና ዳሌ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲተኙ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይለቃል። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ያነቃዎታል። ተነስተው ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቀለል ይላል። ጠዋት ደግሞ ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ማለት ራሱ ትግል ነው፤ ሰውነት የሚፍታታው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዋና፣ በየቀኑ ሰውነትን ማሳሳብ፣ ደረትን ሞልቶ መተንፈስ የሕክምናው አካል እንጂ ትርፍ ነገር አይደሉም።

«ገና ወጣት ነኝ፣ ይለቀኛል» ማለትም ያታልላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 ዓመት በፊት ነው፤ በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሩ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ህመም ከ3 ወር ካለፈ የመገጣጠሚያ ሐኪም ይዩ።

«ኤክስሬዩ ምንም አላሳየም» ብሎ መዝጋት ሌላው ነው። በኤክስሬይ የሚታይ ለውጥ እስኪመጣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ኤምአርአይ ብግነቱን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ኤችኤልኤ-ቢ27 የሚባለውን ዘረ-መል የሚፈልገው የደም ምርመራም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ዘረ-መሉ ያላቸው ብዙዎች በጭራሽ አይታመሙም፣ የሌላቸው የሚታመሙም አሉ።

መድኃኒት ላይ ስህተቱ ወዲህም ወዲያም ነው። አይቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሲን የሚባሉት የህመምና የብግነት ማስታገሻዎች ሲታዘዙ አንዱ ሲብስበት ብቻ አንድ ፍሬ ይውጥና «አልሠራልኝም» ይላል። በታዘዘው መጠን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳይወስዱት መፍረድ አይቻልም፤ ካልሠራም ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ይሞክራል። ሌላው ደግሞ ያለ ሐኪም ለወራት ይውጠዋል፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ እንክብል ለረጅም ጊዜ መውሰድ ለዚህ በሽታ አይመከርም። እነ አይቡፕሮፌን አልበቃ ካሉ እንደ አዳሊሙማብ ያሉ የሰውነት መከላከያን የሚያረግቡ መርፌዎች አሉ። ከመጀመራቸው በፊት የተደበቀ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ መመርመር የግድ ነው። ተሻለኝ ብሎ በራስ ማቆም ግን ህመሙን መልሶ መጥራት ነው።

ሲጋራ? ያቁሙ፣ ክርክር የለውም። አንገትዎንም ማንም ጠምዝዞ አያንቋቋ፤ በሽታው ከጊዜ ጋር አከርካሪን ሊያጣብቅ ይችላል፣ የተጣበቀ አከርካሪ ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል።

በመጨረሻ ዓይን። አንድ ዓይን ድንገት ቀልቶ ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላው ጠብታ ገዝተው አይጠብቁ። በሽታው ዓይን ውስጥም ብግነት ሊያመጣ ይችላል፤ ከዘገየ እይታን ይጎዳል። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ ስለ ወገብዎም ይንገሩት። አንዳንዱ ሰው የወገቡን በሽታ ስም መጀመሪያ የሚሰማው ከዓይን ሐኪም ነው።