ሴንት ጆንስ ወርት ከመጀመርዎ በፊት

ሴንት ጆንስ ወርት ቢጫ አበባ ያለው ተክል ነው። ለድባቴ ከሚወሰዱ ዕፅዋት የእሱን ያህል የተጠና የለም ማለት ይቻላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 29 ጥናቶችን መርምሮ፣ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን እንደሚሻልና ከተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ አደጋውም እንዲሁ።

አስቀድመው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፈው ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ። ይህን ደረጃ በፍጹም አይዝለሉ። በተክሉ ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን መድኃኒት የሚሰባብሩ የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያበዛ፣ ሌላው መድኃኒት ሥራውን ሳይጨርስ ከደም ይጠፋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል እየዋጡ እርግዝና ሊከሰት ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው የዋርፋሪን ኃይል ይዳከምና ደም ሊረጋ ይችላል፤ ሰውነት የተተከለለትን አካል እንዳይጥል የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ሲያንስ፣ የተተከለው ኩላሊት ሊጣል ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒቶችም እንዲሁ ሊከሽፉ ይችላሉ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ወይም ከሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ጋር ሲደረብ ደግሞ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ባይፖላር (ስሜት በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም) ያለበት ሰው አይውሰደው፤ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዚያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሊገፋው ይችላል። ነፍሰ ጡርም አትውሰደው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ጉዳዩ የዕፅዋት አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ያስፈልጋል።

በጥናቶች የተለመደው መጠን 0.3 በመቶ ሃይፐሪሲን (በተክሉ ውስጥ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር) ያለው 300 ሚሊግራም የደረቀ የተክሉ ጭማቂ የያዘ ክኒን በቀን 3 ጊዜ ነው። ሻይ አድርጎ ማፍላት ስንት እንደተወሰደ ስለማያሳውቅ አንመክረውም። ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በ6ኛው ሳምንት ምንም ካልተለወጠ መጠን አይጨምሩ፣ ሐኪም ያማክሩ። ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ሊቃጠል ስለሚችል ይሸፈኑ።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን እንደ መድኃኒት ፈቃድ ያገኙ ምርቶች አሉ፤ በአየርላንድ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። በብሪታንያ የባህላዊ ዕፅዋት ምዝገባ ምልክት የምርቱን ጥራት ያሳያል እንጂ ፈዋሽነቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ የምግብ ማሟያ ስለሆነ፣ አምራቹ ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ ማስረጃ አይጠየቅም። ስለዚህ የጭማቂው ሚሊግራም፣ የሃይፐሪሲኑ መቶኛና የምርት መለያ ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ዕቃ አይግዙ።

ሲያቆሙም ይጠንቀቁ፤ ኢንዛይሞቹ ወደ ነበሩበት ለመመለስ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃሉ። በዚያ መሃል የዋርፋሪን ኃይል ስለሚጨምር ደም ሊፈስ ይችላልና ሐኪሙ የደም ምርመራውን እንዲደግም ይንገሩት። ቀዶ ሕክምና ካለብዎት ከ2 ሳምንት በፊት ያቁሙ።