ስለ ዋልታ ባሕር ቫይረሶች ሲነሳ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ፌጅ ይባላሉ። የዋልታ ባሕር ፌጆች ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው «በዚያ ብርድ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል?» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ታራ የተባለችው የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. በ2013 የአርክቲክን ውቅያኖስ ዞራ ናሙና ቀድታ ነበር። ከሌሎች ባሕሮች ከቀዳችው ጋር ተመርምሮ በ2019 ውጤቱ ሲወጣ ከ195,000 በላይ የቫይረስ ዓይነቶች ተለዩ። አርክቲክም ብዝኃነታቸው ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆነ። አብዛኛው እንስሳና ዕፅዋት ወደ ዋልታ ሲጠጋ ዓይነቱ ይሳሳል። ፌጆቹ ግን ይህን መንገድ አልተከተሉም።

ሁለቱን ዋልታዎች አንድ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። አርክቲክ በየብስ የተከበበ ባሕር ነው፤ ታላላቅ ወንዞች ይገቡበታል። አንታርክቲካ ደግሞ በባሕር የተከበበ የብስ ነው። በዚያው ጥናት የሁለቱ ቫይረሶች ለየብቻ ተመድበዋል።

በረዶውን እንደ ሞተ ነገር መቁጠርስ? ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ድንቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። የባሕር ውሃ ወደ በረዶ ሲረጋ ጨው አብሮ አይረጋም። እየተገፋ በበረዶው ውስጥ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ይጠራቀማል። እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ባክቴሪያና ፌጅ ተፋፍገው ይኖራሉ። ኮልዌሊያ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያጠቃ አንድ ፌጅ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ በሆነ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ በላቦራቶሪ ታይቷል። ታዲያ የበረዶውን ናሙና ዝም ብሎ ማቅለጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ጨዋማው ውሃ ባንዴ ይቀጥናል፣ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ቆጠራው ሳይጀመር ተበላሸ ማለት ነው።

ቆጠራ ካልን ደግሞ፣ ብዛትን ከብዝኃነት ጋር አታምታቱ። በአንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ እስከ 10 ሚሊዮን ቫይረስ ይገኛል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ሁሉም የሚያበሩ ነጠብጣቦች ናቸው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ነጠብጣቦች ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። ባክቴሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት፣ ለመለያ የሚያገለግል ጂን አላቸው፤ ቫይረሶች እንዲህ ያለ የጋራ ጂን የላቸውም። ስለዚህ ዘረመላቸውን ማንበብ ግድ ነው።

በመጨረሻም፣ ፌጅ ሁሌ ገዳይ አይደለም። በአንታርክቲካ ዳርቻ ባክቴሪያው በሚሳሳበት ወቅት ብዙዎቹ በባክቴሪያው ዘረመል ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ። ምግብ ሲትረፈረፍና ባክቴሪያው ሲበዛ ወደ መግደል ይዞራሉ። መርከብ እንደ ልብ በሚሄድበት የብርሃን ወራት ብቻ የተቀዳ ናሙና የሚያሳየው ይህን ሁለተኛውን መልክ ነው። የተደበቁትን ለማግኘት ፀሐይ በማትወጣበት ወቅትም ውሃ መቅዳት ያስፈልጋል።